ከደግ ሰዎች ያጠርኳት አበባ

መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሰው ማን እንደሚሆን አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን ግን ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፣ የሚያስቀውንም ቦታ እንዳይዘል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። መስመሩ ቢጣመም ጽሕፈቱ የልጅዎ የታንጉት ነው።

ወሬውን ሆዴ ሊይዝልኝ አልቻለም፤ ደጄ አበባ አወጣ!

ያረጋል አግብቶኝ ከዳባት ስወርድ በንስሐ አባትዎ ፊት ያሉትን መቼም አልረሱትም። «ሰሊጥና ወባ እንጂ አበባ የማያበቅል አገር አልረግጥም። በጥር ወር ደጅሽ አበባ አወጣ የተባልኩ ለት ግን እመጣለሁ» ብለው ነበር። እርስዎ እንደ ዘበት ተናግረውት ይሆናል፤ እኔ ግን ይዤው ወረድኩ። ጥር በመጣ ቁጥር ባዶ ደጄን ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር። የሰጡኝ የጽጌረዳ ቁራጭ እንኳ የመጀመሪያውን መጋቢት አልተሻገረችም።

አምና ያረጋል ከሽንፋ በኩል ካለው ድንጋያማ ኮረብታ አንዲት ቁጥቋጦ ነቅሎ በትራክተር አመጣልኝ። ግንዷ ከታች እንደ ጋን ያበጠ ነው። ወተቷ መርዝ ስለሆነ ፍየል እንኳ አይነካትም። «በበጋ ታብባለች አሉኝ» ሲለኝ በደስታ ዘለልኩ። ከዚያማ በደጋ ልማዴ መንከባከብ ነው። ኅዳር ላይ ቅጠሏ ሲረግፍ ጊዜ ጠማት ብዬ ጧት ማታ ውኃ አጠጣኋት። ታኅሣሥ ላይ ግንዷን ብነካው ጣቴ እንደ በሰበሰ ዱባ ውስጥ ገባ። አጥግቤ ገደልኳት!

ጎረቤቴ ሁሪያ፣ ከሱዳኗ ገላባት ተሻግራ እዚህ የምትኖረው ጨርቅ ነጋዴ፣ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ያ ታንጉት! ቅጠሏን ስትጥል እኮ ተኝታለች። የተኛ ሰው አፍ ውስጥ ውኃ ይፈሳል? ኸላስ፣ በቃ ተያት!»

ያረጋል ሌላ አመጣልኝና ዘንድሮ ተውኳት። እኔ ብተዋት ሰው መቼ ተዋት! ለሰሊጥ አጨዳ የመጡት ሠራተኞች ምሳቸውን የሚበሉት እኛ ግቢ ነው። እጅ የታጠቡበትን ውኃ ደግሞ ዝም ብሎ ከመድፋት ተክል ሥር ማፍሰስ ልማዳችን ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እርስዎው ነዎት። ፈንቴ የሚባል ጎጃሜ ሠራተኛማ ከሚጠጣው ቀንሶ ይሰጣታል። «ኧረ ይቺ ምስኪን! ሰው ደጅ ቆማ በውኃ ጥም ትሙት እንዴ?» ይለኛል። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም፤ ደግነት እንዴት ይከለከላል? በመጨረሻ ዙሪያዋን በእሾህ አጠርኩ። ሰው አትክልቱን ከፍየል ያጥራል፤ እኔ ከደግ ሰዎች አጠርኩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጄ መጣች። እናቴ ቤት ሄጄ እወልዳለሁ እያልኩ ስዘጋጅ ቀደመችኝና እዚሁ ተገላገልኩ። ገንፎውን ያገነፋችልኝ ሁሪያ ናት። ቅቤውን አትረፍርፋዋለች፤ እርስዎ ቢያዩት ግን አንሷል ማለትዎ አይቀርም ነበር። ከአራስ አልጋዬ ሆኜ ውጭ ውኃ ጠብ ሲል በሰማሁ ቁጥር «ወዲያ አፍስሱ!» ብዬ እጮኻለሁ። ፈንቴ «አራሷን ምን ነካብን? ጠበል ይምጣላት እንጂ!» እያለ ሲጨነቅ ያረጋል በሳቅ ይፈርሳል።

ይኸው በጥምቀት ማግሥት ጧት በሩን ስከፍት፣ አንድም ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ አበባ ብቻ ሆኗል። ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ነጭ። ለማሽላ ውቂያ የቀረው ፈንቴ ራሱን ይዞ ቆመ። «ወይ ጉድ! በኛ አገር ሰው መጀመሪያ ይለብሳል፣ ከዚያ ያጌጣል። እሷ ራቁቷን አጌጠች!» አለ። እኔ ልጄን ታቅፌ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ አይደንግጡ። አጠገቤ እርስዎ ብቻ ነበሩ የጎደሉት፤ በጣም ናፍቀውኛል።

እንግዲህ ቃልዎን ይጠብቁ። የክርስትናዋ ዕለት ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ስሟን የሚያወጡላት እርስዎ ነዎትና እስኪመጡ ድረስ «ሚጢጢ» እያልን ነው የምንጠራት። ከቀበሌዎ የይለፍ ወረቀት ያውጡ፤ ያረጋል ጎንደር ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል። ወባውም በዚህ ወራት ቀለል ብሏል፤ አጎበር አዘጋጅቼልዎታለሁ።

አንድ አበባ ቆርጬ ፖስታው ውስጥ ልጨምርልዎ ቢላ አንሥቼ ነበር። ሁሪያ እጄን ያዘችኝ። «እናትሽን የሚያመጣቸውን ነገር ለምን ትልኪላቸዋለሽ?» አለችኝ። ስለዚህ አልላክሁም። መጥተው ይዩት።

ዐይኗን የጎንደር መንገድ ላይ የተከለች ልጅዎ፣
ታንጉት

ልረሳው ነበር፦ ሲመጡ እጅዎን የታጠቡበትን ውኃ አደራ ወደ አበባዋ እንዳያፈሱብኝ። አጥሩን እስካሁን ያላፈረስኩት እርስዎን ብዬ ነው።