ከሙታን ተርታ የተጻፈው ስምህ

ይድረስ ለወንድሜ ለዳራምቪር፣
ካልካታ

ወንድም ጋሼ፣ በሩቅ ሆኜ እግርህን ነክቼ ሰላም እልሃለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? የጆንያ ፋብሪካው ብናኝ የሚቀሰቅስብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ይዞሃል? ባለቤትህ ሳንቶሽስ እንዴት ናት? ሚራ ትምህርት ቤት ገባች? ኡሻ ጥርስ አወጣች ብለህ ከጻፍክልኝ ስንት ወር ሆነ፤ ይኸኔ ሰው ትነክስ ይሆናል። እኔ በወንዛችን በጋንጋ እናት ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

የአባባን ማረፍ ዝናቡ ሳይጀምር በቴሌግራም ነግሬህ ነበር። የመለስክልኝ “ሰማሁ” የምትል አንዲት ቃል ናት። ተቀይሜሃለሁ፤ ቅያሜውን ግን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። የአስከሬኑን እሳት የለኮሱት አጎታችን ራምፋል ናቸው። አመዱንም ጋንጋ ዳር ወዳለችው ወደ ሃሪድዋር ሊወስዱ ሲነሱ ከበሬ ጋሪ ወድቀው ታፋቸው ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ናቸው። መንደሩ ሴት አመድ ይዛ አትሄድም ብሎ አፉን ሲከፍት፣ እማማ ቀዩን ከረጢት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ “አርባ ዓመት ሙሉ ሰውየውን ስሸከም ማንም አላገዘኝ፤ ዛሬ አመዱ ይከብደኛል?” አለቻቸው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ። መንገዱን እንዳይስቱ፣ “አሁን ባቡር ልንሳፈር ነው፣ አሁን ድልድይ እየተሻገርን ነው” እያለች ለአባባ ስትነግራቸው ሄደች።

አመዱን ለወንዙ ከሰጠን በኋላ የወገናችንን መዝገብ ወደሚይዙት ካህን ወደ ፓንዲት ሂራላል ወጣን። የሞተ ሰው ስሙ እዚያ ሳይገባ ነገሩ አያልቅም። መንደራችንን ጠየቁ፤ የአያታችንን ስም ጠየቁ። እማማ የባሏንም የአማቷንም ስም በአፏ አትጠራምና እኔ ነገርኳቸው። ያን ቀይ ጨርቅ የለበሰ ረጅም መዝገብ ዘርግተው፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ፣ ከላይ ጀምረው በዜማ ያነቡ ጀመር። ቅድመ አያታችን በግመል የመጡበት ዓመት አለ። አያታችን በብርድ ወር መጥተው የታጠቡበት አለ። የእኔ መወለድ እንኳ አለ። እማማ ፊቷን የሸፈነችበትን ሻሽ ገልጣ ፈገግ አለች፤ አባባ ካረፉ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፓንዲቱ ዜማቸውን ሳይቀይሩ፣ “ዳራምቪር፣ የቻጁ ራም ልጅ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። አባቱ በገዛ እጁ አቃጠለው። በየዓመቱ እየመጣም የሙት ሩዝ ያቀርብለታል” ብለው አነበቡ።

እማማ አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። “እስኪ ይድገሙልኝ” አለቻቸው። ደገሙላት። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ወንዙን ታይ ጀመር።

አንተ አታውቅም እንጂ፣ ከሄድክ ጀምሮ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ለዕድሜህ ስትጾም ኖራለች። የልጆች ጠባቂ የሆነችውን አሆይ እናትን ከነልጆቿ በቀይ አፈር ግድግዳው ላይ ትስላለች፤ ኮከብ እስኪወጣ ውሃ አትቀምስም። ጾሟን የምትፈታበትን የጋንጋ ውሃ የሚያመጡላት አባባ ነበሩ። ለካስ ውሃውን የሚቀዱት የአንተን የሙት ሩዝ አቅርበው ሲመለሱ ኖሯል። በአንድ ጣሪያ ሥር እሷ ለልጇ ዕድሜ ስትለምን፣ እሳቸው ያንኑ ልጅ ከሙታን ቆጥረውታል። ሰው እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ይኖራል?

እማማን ጥላ ሥር አስቀምጬ ተመለስኩና ፓንዲቱን አፋጠጥኳቸው። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ ምን ዓይነት ውሸት ነው የጻፋችሁት አልኳቸው። አልደነገጡም። “አውቃለሁ ልጄ” አሉኝ። “አባትሽ ያመጡት ከገለባ የተሠራ ሰው ነበር። ልጄ የፋቂ ልጅ አግብቶ ኮብልሏል፣ ለእኔ ሞቷል ብለው አቃጠሉት። ሲያለቅሱ ግን ለገለባ አልነበረም። ደግፌ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።” ሰርዙት አልኳቸው። “እዚህ የተጻፈ አይሰረዝም” አሉኝ። “ራሱ ይምጣ። ወንዙ ውስጥ ይታጠብ፣ እንደ አራስ ልጅ በነጭ ጨርቅ ይጠቅለል፣ እናቱ ጭን ላይ ይተኛና እንደገና ስም ታውጣለት። ያን ጊዜ ከሥሩ ‘ተወለደ’ ብዬ እጽፋለሁ።” እናቱ ባትኖርስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና “እሷ ከሌለችማ ማን ይወልደዋል?” አሉኝ።

ሁሉንም ለእማማ ነገርኳት። አታምነኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወንድም ጋሼ፣ ሳልደብቅ ልንገርህ። በትምህርት ቤቱ አድራሻ የምትልክልኝን ደብዳቤዎች አንዱንም አንብቤላት አላውቅም። ምስጢር አትችልም፣ በደስታዋ ለጎረቤት ትዘረግፈዋለች፣ አጎታችንም ያለህበትን አውቀው ሰው ይልኩብሃል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ተናገሪ ካልከኝ ደግሞ ተናድጄብህም ነበር። በአንተ ጦስ ደጃችንን የረገጠ ሽማግሌ የለም፤ ይኸው ሠላሳ ልደፍን ነው። እሷ በጠየቀችኝ ቁጥር “ደህና ነው ይላሉ” ብዬ አልፋታለሁ። አሁን ደብዳቤዎቹን ሁሉ ጭኗ ላይ ዘርግፌ ሳነብላት፣ “አሥራ አንድ ዓመት ያልነበረ ወረቀት ዛሬ ከየት በቀለ? አስተማሪ አይደለሽ፣ ራስሽ ጽፈሽው ነው” አለችኝ። “አባት በሕይወት ላለ ልጁ የሙት ሩዝ አያቀርብም። ሁላችሁም ስትደብቁኝ ኖራችኋል” አለች። ማንበብ ለማትችል ሴት የአንተን ጽሑፍ ከእኔ ጽሑፍ በምን ልለይላት? ፎቶግራፍ ተነሥተህ ላክልኝ ስልህም ነገ ዛሬ እያልክ ኖርክ።

ቤት እንደገባን የመጀመሪያ ሥራዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል በእበት መለቅለቅ ሆነ። አሁን በቀን ግማሽ ቂጣ ከበላች ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ አታስጨንቋት ይለናል፤ መናገሩ ለእሱ ቀላል ነው። ለአባባ ያላለቀሰችውን ለአንተ ታለቅሳለች። የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ አብረዋት ይቀመጣሉ። እኔ በሕይወት አለ ስል፣ “ምስኪን፣ የወንድሟን መርዶ አልቀበል አለች” ብለው ከንፈር ይመጥጡልኛል። አንዳንዴ እኔም የመጨረሻውን ደብዳቤህን አውጥቼ ቀኑን አየዋለሁ።

አሁን ለሙታን ሩዝ የሚቀርብበት ሁለት ሳምንት እየደረሰ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ሴፕቴምበር 22፣ እማማ ወንዙ ዳር ቆማ የአንተን የሙት ሩዝ በገዛ እጇ ልታቀርብ ቆርጣለች። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት አልመለስም፣ እዚያው ወንዙ ዳር ሞታቸውን ከሚጠብቁት መበለቶች ጋር እሞታለሁ ትላለች። እንቢ ብላት ብቻዋን ትሄዳለች። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ሥራ፣ አለቃ፣ ዝናብ አትበለኝ። መንደር እንድትመጣ አልጠይቅህም፤ በቀጥታ ሃሪድዋር ውረድ። አጎታችን ከአልጋ አይነሱም፣ እዚያ የሚነካህ የለም። ሳንቶሽንና ልጆቹን ይዘህ ና። ድምፅህን ትስማ፣ ፊትህን በእጇ ትዳብስ። ሩዙ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ብትመጣ የምታገኛት ልጇን ጨርሳ የሸኘች ሴት ናት፤ ያን ጊዜ አይታህም የምታምን አይመስለኝም።

ሳንቶሽን በጣም ሰላም በልልኝ፤ አይቻት ባላውቅም እህቴ ናት። ሚራንና ኡሻን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። የአጎታችን ሚስት ቻምፓ፣ ባሏ እንዳይሰሟት በሹክሹክታ፣ ሰላም በይልኝ ብላኛለች። ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪው ናቱም ዓይናቸው ቢጠፋም ስምህን አልረሱም። ጥቁሯ ጎሻችን ወልዳለች።

እማማ ሰላምታ አልላከችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ለዳራምቪር አልኳት። ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ፣ “ተይ ልጄ፣ ወረቀት አታባክኚ፤ ማን ወስዶ ያደርስለታል?” አለችኝ።

እህትህ ካምለሽ
ቲክሪያና መንደር፣ ካርናል አውራጃ
ኦገስት 12 ቀን 1968