ቋሚው ወይስ የስምንት ወሩ

እሑድ

ሥራ የጠየቅኩባቸው ሁለቱም ቦታዎች እሺ አሉኝ! ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ ዛሬ በአንድ ቀን ሁለት። መልስ እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን።

አንደኛው ፋብሪካው ነው። ቋሚ። የቢሮ ኮምፒውተር መጠገን፣ የተረሳ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ማተሚያው ላይ ቀለም መሙላት። ብቻዬን ነኝ፤ የሚያስተምረኝ የለም።

ሁለተኛው አፍሪዳር ሰፈር ያለ ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት። አንዲት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ እስክትመለስ፣ ስምንት ወር። ግን ሰርቨሮች! ከአምስት ባለሙያዎች ጋር! የኮምፒውተር ኮርሱ ላይ በሥዕል ብቻ ያየሁትን በእጄ ልነካው ነው።

ለአባቴ የነገርኩት የፋብሪካውን ብቻ ነው። ሞኝ ነኝ። ቅቢዑት የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል፣ ቋሚነት ማለት ነው፣ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱ እዚያው ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ሲያሽግ ኖሮ፣ ቋሚ ሳይሆን ነው ጡረታ የወጣው።

ሰኞ

አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል። ሰፈራችን ራማት ኤሽኮል፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዲት የማላውቃቸው እናት እጄን ያዙና «ቅቢዑት አገኘሽ አሉ! ዕድሜ ልክ ያድርግልሽ» አሉኝ። ዕድሜ ልክ! ገና የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ እውነቱን፣ ሁለተኛውም ሥራ እንዳለ ነገርኩት። «ስምንት ወር?» አለ። ምሳውን ሳይነካ ተነሳ። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። እስከ ባሕሩ ሄጄ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ።

የአፍሪዳሮቹ ኾዜውን፣ የሥራ ውሉን፣ በኢሜይል ልከዋል። ሁለቴ አነበብኩት። ደህና ይመስላል።

ማክሰኞ

አባቴ ሽማግሌ ላከብኝ! ለጋብቻ እንጂ ለሥራ ሽማግሌ ሲላክ ያየ አለ? የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ታከለና ሌሎች ሁለት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳሎን ተደርድረዋል። አባቴ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ ታከለ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚባለው። ቋሚው እንደ ሰማንያ ጋብቻ ነው። ያኛው እንደ ድሮው የደሞዝ ጋብቻ፤ ውሉ ሲያልቅ ደኅና ሰንብቺ።»

በዕብራይስጥ መለስኩላቸው። ስናደድ አማርኛው ይጠፋኛል። ከዚያ አፈርኩና ደገምኩት፦ «ጋሼ፣ ፋብሪካው ውስጥ ቀለም ስሞላ ልኖር ነው። እዚያ ግን ስምንት ወር ተምሬ ብወጣ ሙያው አብሮኝ ይወጣል።»

አባቴ ቀና አለ። «እኔን በየዘጠኝ ወሩ ያሰናብቱኝ ነበር» አለ። «ቋሚ እንዳልሆን። በሳምንቱ መልሰው ይጠሩኛል። እናትሽ እንዳታውቅ ያንን ሳምንት ብሔራዊ ፓርኩ ጋ፣ ባሕር ዳር ተቀምጬ እውል ነበር።»

ጋሼ ታከለም አያውቁም ነበር መሰለኝ፣ ምንም ሳይወስኑ ተነስተው ሄዱ። አባቴ ላይ ተናድጃለሁ፤ ደግሞ አንጀቴን በላው። አሁን እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው?

ረቡዕ

ጠዋት ፋብሪካው ደወልኩ። እምቢ አልኩ። አባቴን በየዘጠኝ ወሩ ያሰናበተ ቤት እኔን ዕድሜ ልክ ይይዘኛል ብዬ ማመን አቃተኝ።

ለአባቴ ስነግረው ይጮሃል ብዬ ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «የዚያኛውን ኾዜ አንብቢልኝ፣ በአማርኛ» አለ። የሱን አንድም ቀን ያነበበለት የለም፤ ጣት በጠቆሙበት ይፈርም ነበር።

መስመር በመስመር ተረጎምኩለት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ድገሚው» አለ። አሠሪው በማንኛውም ጊዜ በሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተኝ ይችላል ይላል። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ሁለቴ አንብቤ አልፌዋለሁ!

«ስምንት ወር ካሉ፣ ስምንት ወር ብለው ይጻፉ» አለ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ለአፍሪዳሮቹ ደወልኩ። «ሥራውን እፈልጋለሁ፤ ይቺ መስመር ግን ትቀየር» አልኳት ቀጣሪዋን። «እስካሁን ይህን የጠየቀን የለም» አለች። አለቃዋን ጠይቃ ትደውላለች።

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል። አልደወለችም። የፋብሪካውን በር በራሴ እጅ ዘግቻለሁ፤ ይሄኛውም ካመለጠኝ ባዶ እጄን ነኝ። ፈርቻለሁ።

ቅድም ስልኩ ሲጮኽ ሁለታችንም ዘለልን። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ማስታወሻ ነው! አባቴ ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ ሲስቅ ገና ማየቴ ነው።

«ባይደውሉስ አባ?» አልኩት።

«ሌላ እንፈልጋለን። ያላነበብነውን ግን አንፈርምም።»

ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አድርገን ቁጭ ብለናል።