የአባባ ገብስ

ይድረስ ለወንድሜ ለአወቀ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ልነግርህ ጀምሬ አፌን ስለያዘኝ ነው የምጽፍልህ።

የአባባ ተዝካር አምሮ ዋለ። ጠላው አነሰ እንዳንባል ብዬ ቅሉ ውስጥ የነበረችውን የአባባን የዘር ገብስ ጭምር ሳላስቀር ጠመቅኋት።

ከዚያ ወዲያ አገሩ የዘር ማኅበር አቋቋመ። ሁሉም የአባቱን የጥንት ዘር ወደ ጋራው ጎተራ ያመጣል፤ ዘር ያጣ ከዚያ ወስዶ ይዘራል። የእኛን ሲጠይቁኝ ከሉማሜ ገበያ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ጎረቤታችን ጋሽ አበባው ከረጢቱ ላይ የአባባን ስም ጻፉበትና «ዘሩን አላስጠፋሽበትም፤ ተባረኪ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

አምስት ቤት ወስዶ ዘርቶታል። አሁን እያሸተ ነው። ማሳዎቹ መንገድ ዳር ስለሆኑ እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በወንዙ በኩል ዞሬ ሆኗል።

አወቀ፣ ከቤት ስትወጣ አባባ በጨርቅ ቋጥሮ የሰጠህ ጭብጥ ገብስ አለ? ቆልተህ በልተኸው እንደሆነም አልቆጣህም፤ እኔ ምን አፍ አለኝ! ካለ ለማንም ሳታሳይ ላክልኝ። ከሌለ ግን ለሰላምታዬ ብቻ መልስልኝ፤ ይገባኛል።

ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ።

እህትህ የብርጓል