በቀይ ስለተጻፉት አሥራ አራት መልሶች

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

…ጠቅ፣ ጠቅ፣ ልጄ አጎቷ ያመጣላትን ባለ ስድስት ቀለም እስክሪብቶ እየተጫነች፣ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቀይ… ይቅርታዎን፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ መጋረጃ ሳይቀር እንደምን ከርመዋል? እኛ እንቅልፍ ከማጣታችን በቀር ደህና ነን።

አራተኛ ክፍል ያለችው ልጄ በሳይንስ ፈተናዋ ላይ እርግጠኛ የሆነችበትን መልስ በሰማያዊ፣ የተጠራጠረችበትን በቀይ ጻፈች። ለምን ብላት፣ «እማዬ፣ ቲቸር እንዳይሸወዱ ብዬ ነዋ!» አለችኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መምህርቷ ቀዩን ሁሉ ሌላ መምህር ያረመው መስሏቸው ሳያነቡ አልፈውታል። ከሃያው ጥያቄ አሥራ አራቱ እንዲሁ ያለ ነጥብ ቀሩ። ባልደረባን እስከዚህ ማመን ልብ ይነካል።

2. ስህተቱን ላሳይዎ ብመጣ በትዕግሥት አዳመጡኝና «እናት፣ ቀይ እኮ የመምህር ነው» አሉኝ። በዚያው ቀን ጥፋቱ ከመምህርቷ ወደ ልጄ ተዛወረ። እንዲህ የተቀላጠፈ ዝውውር በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም።

3. ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ልጄ አሁን የቤት ሥራዋን የምትሠራው በእርሳስ ነው፤ በጣም አቅልላ፣ ወደ መስኮት ካልወሰዱት በማይነበብ ጽሕፈት። ትናንት፣ «እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ባዶ ልተወው?» አለችኝ። ጥያቄውን ለእርስዎ አቆየሁት። እርስዎ መልስ አያጡም።

4. በቀይ በመጻፏ የይቅርታ ወረቀት ከፈረመች ወደ አምስተኛ እንድታልፍ፣ ካልፈረመች እንድትደግም መወሰንዎ የአባት ደግነት ነው። እኛ የለመንነው አሥራ አራቱን አንድ ሰው እንዲያነብልን ብቻ ነበር፤ ለዚያ ግን ሥራ እንደበዛብዎ ጸሐፊዎ ነግረውኛል። እኔ አነበብኳቸው። አሥራ ሁለቱ ልክ ናቸው።

ይህንንም እንደማያነቡት በመተማመን፣ ስለ ድካምዎ አስቀድሜ እጅ የምነሳ፣

የአራተኛ ክፍሏ ተማሪ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን የጨረስኩት ከቢሮዎ ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ነው። ጸሐፊዎ አሁን ብቅ ብለው «እርስዎ እዚሁ ይቆዩ፣ ልጅቷ ብቻ ትግባ» አሉ። ልትፈርም ነው መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፊርማ የላትም፤ እንዴት እንደሚፈረም እንደሚያስተምሯት አልጠራጠርም፤ ትምህርት ቤት ነውና። ስትገባ ዞራ አየችኝ። ራሴን ልነቅንቅላት ስል በሩ ተዘጋ።