ንጋት የሚባል ክለብ የለም

ሱሉልታ፣ ሚያዝያ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ብለሽ ነው የምትውይው? ቡሬዋ ላም በሰላም ወለደች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። የሱሉልታ ብርድ ግን የሚለመድ አይደለም።

የዛሬውን ጉዳይ በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንቺ ደግሞ ስደውል ድምፁን ከፍተሽ ጎረቤቱን ትሰበስቢያለሽ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ብለሽ መቼ በቴሌቪዥን እንደምታዩኝ ስትጠይቂኝ ከኋላሽ ሰው ሲመርቀኝ እሰማለሁ፤ በቅርቡ ብዬ እዘጋዋለሁ። አሁን ግን ታናሼን ጂጂን ትምህርቷን አስቁመሽ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ እኔ ልትልኪያት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከእንግዲህ ዝም ብል ኃጢአት ነው።

እማዬ፣ መሮጥ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳገቱን ስወርድ ጉልበቴ ቀጭ አለ። አሠልጣኙ አንድ ወር እንዳርፍ ነገረኝ፤ ወሩ አልቆ ስመለስ በቦታዬ ሌላ ልጅ ገብታለች። አልፈርድበትም፤ እዚህ የሚሮጥ ሰው ሞልቷል።

ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው ካናቴራ፣ ደረቱ ላይ «ንጋት አትሌቲክስ ክለብ» የሚለው፣ የኔ ሥራ ነው። ንጋት የሚባል ክለብ የለም። ስሙንም ያወጣሁት፣ የምትወጣዋን ፀሐይም በስልኬ የሣልኳት እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በልዩ ወረቀት አሳተምኩት፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ይታተምና ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ይቃናል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ፣ በካውያ ተጭኜ ተኮስኩት። የመጀመሪያው ተቃጠለብኝ። በሁለተኛው ፀሐይዋ ግማሿ ወረቀቱ ላይ ቀረች። የላክሁልሽ ሦስተኛው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አምሮ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከልቤ አውጥቼ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። ለብሼው ፎቶ ተነሣሁ፤ እስኪሻለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ። ሌባ ልጅ አልወለድሽም፤ ውሸታም ግን ወልደሻል።

አብራኝ የምትኖረው ወርቅቱ አየችው። እሷም ከቡድኗ ከተቀነሰች ቆይታለች። ለእናቷ የምትልከው አንድ እንድሠራላት ለመነችኝ፤ ሠራሁላት። እሷ ለጓደኛዋ ነገረች፣ ጓደኛዋ ለሌላ። አሁን ለስንቷ እንደሠራሁ አላውቅም። ለሚዜዎችም ለተመራቂዎችም እሠራለሁ፤ ያ የሚያሳፍር እንጀራ አይደለም። የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው። ልጆቹ ካናቴራውን ለብሰው መንገድ ዳር ይቆሙና፣ እውነተኞቹ ሯጮች ሲያልፉ አብረው የሚሮጡ መስለው ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ አውልቀው አጥፈው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

ባለፈው መስከረም የወርቅቱ ታናሽ መጣች። እህቷ የላከችውን ካናቴራ አይታ ነው ከቤት የወጣችው። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ንጋት የት ሜዳ ላይ እንደሚሠለጥን ጠየቀችኝ። ወርቅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ ሦስታችን አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምንተኛው። ልጅቷ የሰው ልብስ ታጥባለች። በገና ለእናቷ የምትልከው ካናቴራ ፈለገች፤ የተኮስኩላት እኔው ነኝ።

ቤት ልመለስ እላለሁ፤ መንደሩ ሁሉ እስከ አስፋልቱ ሸኝቶ መርቆኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እዚህም መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ኮቴያቸውን ስሰማ ካውያውን እንደያዝኩ ደርቄ እቀራለሁ። ታፍኛለሁ፣ እማዬ። ያፈነኝ ሌላ ሰው ቢሆን ከስሼው ወይም ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

ጂጂን አትላኪያት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ሁለት ወር ነው የቀረው። እሱን ትፈተን። እዚህ ከመጣች የምታገኘው የፍራሹን ጠርዝ ነው፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለአንቺ የምትልከውን ካናቴራ እኔን ታሠራኛለች።

ይህን ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ አይደለም። ጥቅምት ላይ ጽፌልሽ ነበር፤ ጥር ላይም ጉልበቴንም ካናቴራውንም ሳልደብቅ ደግሜ ጻፍኩ። ሁለቱንም ጊዜ በጂጂ የእጅ ጽሕፈት የመጣልኝ መልስ በርቺ፣ ሁላችንም በአንቺ ኮርተናል የሚል ነው። መጀመሪያ ይቅር ያልሽኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ቆይቼ ነው ደብዳቤውን ማን እንደሚያነብልሽ ያሰብኩት።

ስለዚህ ይሄኛውን በጎረቤታችን በኦቦ ዲሪርሳ እጅ ልኬዋለሁ። ጫንጮ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ሊጠይቁኝ ጎራ ብለው ነው። ካውያውንም የተደረደረውን ካናቴራም አይተዋል። ጽፌ እስክጨርስ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ራሳቸው ከላይ እስከ ታች እንዲያነቡልሽ ለምኛቸዋለሁ።

ሲያነቡልሽ ጂጂ ከአጠገብሽ ትቀመጥ። አደራ፣ አትቆጪያት፤ እጇንም ያዢልኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ ሆኜ፣ ከቀያችን ከተፍኪ እንዳልወጣ የሚያስቀረኝ መስመር ባገኝ ኖሮ ዘልዬው ነበር የማነብልሽ።

ወገብሽን ይማርልኝ። ደጅሽ ሰላም ይሁን፤ የዋሸኋቸውን ጎረቤቶቼንም እግዜር ይቅር ያሰኝልኝ። ዕድሜሽን አርዝሞ ፊት ለፊት እንድትቆጪኝ ያብቃኝ።

ትልቋ ልጅሽ