እንዲጥሉኝ የቀረበ ትሑት ልመና

በውጭ አገር እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ ሁሉ ሰርተፍኬት ለሚሰጠው የርቀት ማሠልጠኛ ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማስታወቂያዎ ያማረ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም። ተቋምዎ “እጅግ በጣም ጥሩ” ብሎ ካስመረቃቸው ሠልጣኞች አንዷ ነኝ፤ በመጪው ወር ባሕር ተሻግሬ፣ ቋንቋቸውን በማላውቃቸው ሕፃናት ፊት ቆሜ እንግሊዝኛ ላስተምር ውል ፈርሜያለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ደግሞ በግል የላክኋቸው መልእክቶች ሁሉ “እንኳን ደስ አለዎት” ከሚል መልስ በቀር ምንም ስላላስገኙልኝ ነው። እንኳን አብሮ ደስ አለን፤ ነገር ግን ፈርቻለሁ።

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርሁ። የጠፋ ኮንቴይነር፣ የዘገየ መርከብ፣ የተቆጣ ደንበኛ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጽፌ አበርድ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ግን አጠገቤ የምትቀመጠው ገንዘብ ያዥ ታነሣልኝ ነበር፤ እኔ ከወረቀት ጋር እንጂ ከሰው ጋር እንግሊዝኛ ተነጋግሬ አላውቅም። ተቋምዎ ይህን ሳይጠይቀኝ ስላለፈበት ትሕትና ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫዬ። ሦስት ሥልጠናዎች ቀርበውልኝ ነበር። በአንደኛው ሠልጣኙ እውነተኛ ተማሪዎችን ሲያስተምር መዛኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ብዕሩን ይዞ ይመለከተዋል፤ ያንን ገጽ እባብ እንዳየ ሰው ዘጋሁት። በሁለተኛው ሠልጣኞች በየማታው እየተገናኙ እርስ በርስ ይማማራሉ፤ እሱም ሰው አለበት። የእርስዎ ማስታወቂያ ግን “ማንም ሳያይዎ አስተማሪ ይሁኑ” ይላል። ይህን ቃል የመረጠው ሠራተኛዎ ፈሪን ከሩቅ የሚያሸት ባለሙያ ነውና ዕድገት ይገባዋል። ሹፌሩ ወንድሜ “ሰው እንኳ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ መኪና ላይ ወጥቶ ይታያል፤ አንቺን ማን አየሽ?” ቢለኝ፣ ዘመናዊ ትምህርት አልገባህም ብዬ አፉን አስያዝሁት። በክርክር ረትቼው የማላውቀውን ወንድሜን በእርስዎ ምክንያት ረታሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቪዲዮው። መመሪያዎ ተማሪዎች ባሉበት የተቀረጸ አንድ ትምህርት እንድልክ ያዛል፤ ተማሪዎቹ ከየት ይምጡ የሚል ቃል ግን የለበትም። ስለዚህ ሳሎናችን ውስጥ እናቴን፣ አክስቴን፣ ወንድሜን፣ ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንንና ባለቤቱን በመደዳ ደረደርኋቸው። አንዳቸውም እንግሊዝኛ አያውቁም። ልጃችንን እንዳናሳፍር ብለው በአክስቴ ሰብሳቢነት ጓዳ ገብተው መከሩና፣ ምንም ብጠይቅ “የስ” እንዲሉ፣ ከዚያ ውጪ ትንፍሽ እንዳይሉ ተስማሙ። አክስቴም “ዝም አይነቅዝም” ብላ ስብሰባውን ዘጋች። እናቴን ስሟን በእንግሊዝኛ ስጠይቃት “የስ” አለች። ልብስ ሰፊውን ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ብድግ ብሎ “የስ፣ ቲቸር!” አለ። ወንድሜ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ እንቅልፍ ወስዶታል። የተቋምዎ መዛኝ የጻፉልኝን ከነክብሩ እነሆ፦ “ተማሪዎቹ ሁሉ በአዎንታዊ መንፈስ ተሳትፈዋል፤ የክፍሉ ጸጥታ የሚደነቅ ነው፤ አንድም ጥያቄ አለመነሣቱ የማብራሪያውን ግልጽነት ያሳያል።” ይህን ስተረጉምላቸው እናቴ በደስታ አለቀሰች፤ ወንድሜም ጸጥታው የእሱ ድርሻ መሆኑን አስታወሰን።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ ልጆችን ስላየሁበት ቀን። አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ጓደኛዬ፣ እጄን እንዳፍታታ ብላ ክፍሏን አዋሰችኝና “አይዞሽ፣ ልጆች እኮ ናቸው፤ አይበሉሽም” ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍሁ፤ አጠፋሁት፤ እንደገና ጻፍሁት። እነዚህ ልጆች ደግሞ እንደ ዘመዶቼ ጨዋ አይደሉም፤ ይጠይቃሉ። ለምን አጠፋሽው? እንገልብጥ? ሽንት ቤት ልሂድ? ላጲሴን ወሰደብኝ! በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ቀሚሴን ያዝ አደረገችና በሹክሹክታ “ቲቸር፣ አይዞሽ፤ እውነተኛዋን ቲቸር ልጥራልሽ?” አለችኝ። አዎ አልኋት። በዚያ ክፍል ውስጥ የመለስሁት ብቸኛ ጥያቄ ይህ ነው።

አራተኛ፣ በዚያው ዕለት በድጋሚ እንዲመዝኑኝ ለተቋምዎ አመለከትሁ። ድጋሚ ምዘና የሚፈቀደው ለወደቁ ሠልጣኞች ብቻ እንደ ሆነ፣ የእኔም ውጤት ከፍተኛ በመሆኑ ልረዳ እንደማልችል በአክብሮት ተገለጸልኝ። ከዚህ በኋላ ያሉት ቅሬታዎቼ ቁጥር የላቸውም።

ክቡር ሆይ፣ የምፈራው መዋረዱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ውርደቴን ችዬ ዝም እልዎ ነበር። እዚያ የሚጠብቁኝ ልጆች ግን የሚጠራላቸው ሌላ ቲቸር የላቸውም፤ የቀጠረኝ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት በሰርተፍኬትዎ ተማምነው የቀድሞዋን መምህርት አሰናብተዋል። ልጆቹ ስሜን መጻፍ ተለማምደው፣ በትልልቅ ፊደላት ጽፈው፣ ፎቶውን ልከውልኛል። አልሄድም እንዳልል የቢሮ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊው “መምህር የሚያስመስል” ኮት ሰፍቶልኛል፤ እናቴም ለማያውቋት ሁሉ ሳይቀር ነግራለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ከተቋምዎ የሰባ ቸርነት ላይ ቆንጥረው፣ በመጀመሪያ እንዲጥሉኝ፣ ከጣሉኝም በኋላ እውነተኛ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ አንድ የሚያውቅ ሰው ከኋላ ወንበር አስቀምጠው እንዲያስመዝኑኝ፣ ስሳሳት እንዲያርመኝ፣ ስንቀጠቀጥም ምን እንደሚደረግ እንዲያሳየኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ብጣልም ብነሣም መሄጃዬ ቀርቧልና ቢፈጥኑልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ዘመንዎን ሁሉ ጠያቂ ሰው አይግጠምዎ፤ ያነጋገሩት ሁሉ “የስ” ይበልዎ፤ የተቋምዎ ጸጥታም ለዘለዓለም ይደነቅ እያልሁ፣ እጅ በመንሣት የምሰናበትዎ፣

ሳያዩኝና ሳይሰሙኝ ያደነቁኝ ሠልጣኝዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ከተቋምዎ አዲስ መልእክት ደረሰኝ። ውጤቴ ከፍተኛ በመሆኑ በመዛኝነት እንድሠራ፣ ማለትም የሌሎች ሠልጣኞችን ቪዲዮ እየተመለከትሁ ነጥብ እንድሰጥ ጋብዘውኛል። በክፍል ውስጥ አስተምሮ ማወቅ አያስፈልግም ይላል፤ አብዛኞቹ መዛኞችዎም በዚሁ መንገድ መመልመላቸውን በኩራት ገልጸዋል። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ እፎይ አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይታዬ ራሱ አስፈራኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት የእናቴን “የስ” ካደነቁት መዛኝ ጋር እንዲያገናኙኝ እለምናለሁ። ልወቅሳቸው አይደለም። እሳቸውም እንደ እኔ ሊያስተምሩ ለመሄድ ተነሥተው ሳለ፣ ምን አይተው መዛኝ ሆነው እንደ ቀሩ ብቻ ልጠይቃቸው ነው።