ሁለት ጣት ያጠረው ቱቦ

ይድረስ ለአባቴ፣ ለእጄ መምህር፤

ጤናዎ እንዴት ነው አባባ? መላጊያውን ሲያነሱ ወገብዎ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ለቀቅ አደረገዎት? የእናቴስ ዓይን ተሻላት? ቤቱ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን ከታች ጽፌዋለሁና ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ለመኪና የድምፅ ሣጥን እሠራለሁ» ብዬዎት ነበር። ትልቁ ስፒከር የሚቀመጥበት፣ ከመኪናው ኋላ የሚገባ የእንጨት ሣጥን ነው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ብርሃን እንኳ እንዳያሾልክ አድርጌ እገጥመዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሱቅ ከእኔ በላይ ሣጥን ሠሪ አልነበረም።

ከዚያ ጆሮ መጣ። ስሙን ትተን ሁላችንም ጆሮ ነው የምንለው። አባባ፣ ይህ ሰው መጋዝ ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም! የቆረጠው ጣውላ አይጥ የበላው ይመስላል። ግን ሣጥኑን ይበሳውና የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባበታል፤ አየሩ በቱቦው ሲተነፍስ ድምፁ ወፍሮ ይወጣል። ቱቦው ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያጥር ይቀጥናል፤ ልኩን የሚያገኘው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ደንበኞች እኔን አልፈው «ጆሮ የለም እንዴ?» ይላሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሲስቅ ማየት እንኳ አስጠላኝ።

ባለፈው ወር አለቃችን ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ሆነ፤ ኃላፊው ከሁለታችን አንዱ እንደሚሆን ነገረን። በዚያው ሳምንት ጆሮ ለአንድ ባለታክሲ ሣጥን ሠርቶ፣ ቱቦውን ለክቶ ምሳ ወጣ። እኔን ደግሞ ቅናት አሳወረኝና ከቱቦው ሁለት ጣት ቆርጬ መልሼ አስገባሁት። ቱቦው ሲያጥር ስፒከሩ በወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ ይወራጫል። በሦስተኛው ቀን ባለታክሲው የተቀደደ ስፒከር ይዞ መጣ፤ አለቃችንም ጆሮን በሰው ፊት አዋረደው።

ጆሮ ቱቦውን አወጣና ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ነበር። አዎ አባባ፣ ለተንኮል ስቆርጥ እንኳ ማለስለሴን አልተውኩም! «ማንም የማያየውን ጠርዝ አለስልስ» ያሉኝ እጄ ላይ ቀርቷል። በዚህ ሱቅ እንዲህ የሚያደርግ ከእኔ ሌላ የለም፤ እሱም ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ አለቃችን ዞሮ «የለካሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

አዲሱ ሱቅ ለእኔ ተሰጠ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይቆረቁረኛል። ይቅርታ ልለው ሦስት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ኮላ አወራሁ። ይባስ ብሎ አሁን በዝምታውም ቀናሁበት፤ እኔ ብሆን ኖሮ ጮኼ አገር ምድሩን እሰበስብ ነበር።

እናቴን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ። ለታላቅ እህቴና ለልጆቿ ሰላምታዬ ይድረስ። ታናሽ ወንድሜን መጋዙን ሳይስል እንዳያሳድር ይቆጡልኝ። አጎቴ ወሬ አያመልጠውምና መሾሜን ሰምቶ እየሮጠ ይመጣ ይሆናል። ለአለቃችን እውነቱን ገና አልነገርኩትም። አጎቴ «እንኳን ደስ ያለዎት» ሲልዎ፣ አባባ፣ እባክዎ «አብሮ ደስ ይበለን» ብለው አይመልሱለት።

ልጅዎ
ከሣጥን መሥሪያው ክፍል፣ መጋቢት 9 ቀን